ሊዮሄባፋ መማር ለምትፈልጉ፦ ጉልበቴን ካበላሸሁ በኋላ የገባኝ ነገር

ሰላም ናችሁ። ሊዮሄባፋ የቻይና ኩንግ ፉ ዓይነት ነው። ስለሱ ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ስንፍና ነው የያዘኝ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ልጅ በቴሌግራም "ወንድም ሊዮሄባፋ ከዩቲዩብ እየተማርኩ ነው፣ አሪፍ ነው ግን ጉልበቴን እያመመኝ ነው ምን ላድርግ" ብሎ ሲጽፍልኝ በቃ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ፣ ምክንያቱም የልጁ ታሪክ የኔው ታሪክ ነው፣ እኔም በዩቲዩብ ጀምሬ ጉልበቴን አበላሽቼ ነው ሰው ፍለጋ የወጣሁት።

ለሱ የመለስኩለትን ላስቀድም፣ ሌላውን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ይሄ ይበቃዋል። ለጊዜው አቁመው። ሲሻልህ ደግሞ ክብደትህ ያረፈበትን እግር ጉልበቱን አታዙር። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው የሚያውቀው፣ መዞር የዳሌ ስራ ነው። በዚህ ስታይል ደግሞ ወገብ መዞር አያቆምም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትዞራለህ፣ ስለዚህ ብሽሽትህ አካባቢ ካልተከፈተ ዙሩ በሙሉ ወርዶ ወርዶ ጉልበትህ ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ምንም አይልህም። በሦስተኛው ወር ደረጃ ስትወርድ ታውቀዋለህ። ካበጠ ወይ ሲታጠፍ ከቆለፈ ግን ሐኪም ጋ ሂድ፣ እኔን አትጠይቀኝ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ኮልፌ ነው ያደግኩት፣ ቪዲዮ ቤት በ50 ሳንቲም ገብተን ብሩስ ሊን እያየን የወጣን ልጆች ነን፣ ከዛ ቴኳንዶ እስከ ቀይ ቀበቶ ሰራሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ተውኩት። በ2009 መስከረም ላይ በቻይና መንግስት ስኮላርሺፕ ሻንጋይ ሄድኩ፣ አንድ ዓመት ቋንቋ ሁለት ዓመት ማስተርስ። ያው ቻይና ከሄድኩ አይቀር ኩንግ ፉ ልማር አልኩና መጀመሪያ የካምፓሱ ታይቺ ክፍል ገባሁ። እዛ የሚያስተምሩት ባለ 24 እንቅስቃሴውን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለህዝብ ጤና ተብሎ ያጠረውን፣ ስድስት ደቂቃ ምናምን ይፈጃል፣ ደስ ይላል ግን እኔ የቴኳንዶ ልጅ ነኝ ቶሎ ሰለቸኝ። አንድ ማታ ዶርም ተኝቼ ዩቲዩብ ስጎረጉር (ቪፒኤን ካለህ ነው ያው) አንድ ሽማግሌ ሰውዬ የሚሰራውን ነገር አየሁ፣ ታይቺ ነው እንዳልል ድንገት ይፈጥናል፣ እንደ ውሃ ሄዶ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል፣ ባጓ (ክብ እየዞሩ የሚሰሩት የኩንግ ፉ ዓይነት) ነው እንዳልል ክብ አይዞርም። ስሙ ሊዮሄባፋ ይላል።

ስለምንነቱ አጠር አርጌ ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው። ቻይኖች ኩንግ ፉን የውጪና የውስጥ ብለው ይከፍሉታል። ክፍፍሉ ቆየት ያለ ነው፣ ሁዋንግ ዞንግሺ የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1669 በጻፈው የመቃብር ጽሁፍ ላይ ነው የውስጥ የሚለው ቃል መጀመሪያ የሚገኘው፣ በኋላ እነ ሱን ሉታንግ (እ.ኤ.አ. 1860–1933) ታይቺን ሺንግዪንና ባጓን አንድ ቤተሰብ አድርገው አስተማሩ። ልዩነቱ በግርድፉ ጡንቻህን አጠንክረህ ከመምታት ይልቅ ሰውነትህን አላልተህ ኃይሉ ከመሬት ተነስቶ በወገብ በኩል እጅህ ድረስ እንዲመጣ ማድረግ ነው። በተግባር ግን ብዙ ይደባለቃል፣ እኔ በዚህ ክፍፍል ብዙም አልጨነቅም።

ሊዮሄባፋ ከነዚህ ከሦስቱ ታዋቂዎች ውጪ ያለ ዘመድ ነው። ትርጉሙ ስድስት ውህደት ስምንት ዘዴ ማለት ነው፣ የውሃ ቦክስም ይሉታል። ሙሉ ስሙ ላይ ሁዋዩዌ የሚል አለ፣ ሻንሺ ክፍለ ሀገር ያለውን የሁዋሻን ተራራ ለማለት ነው፣ ምክንያቱም ፈጠረው የሚሉት ቼን ቱዋን እዛ ተራራ ላይ ይኖር የነበረ የዳኦ (የቻይና ጥንታዊ ሃይማኖት) መናኝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ989 የሞተ፣ ወራት ሙሉ ይተኛ ነበር እየተባለ የሚነገርለት። ያው እንደኛ ገድል በሉት። ከሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ወግ ነው። በእርግጠኝነት ወደ አደባባይ ያወጣው ሰው ዉ ዪሁዪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሻንጋይና ናንጂንግ ውስጥ አስተምሯል፣ ናንጂንግ ያለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928 የተቋቋመው የማዕከላዊ ጉዎሹ (ማርሻል አርት) ተቋም ነበር፣ የዘመኑ ትልልቅ አስተማሪዎች የተሰበሰቡበት። ከሱ የተማረው ቼን ዪረን (ሆንግ ኮንጎች ቻን ዪክ ያን ይሉታል) ወደ ሆንግ ኮንግ ወሰደው፣ ከዛ ነው ወደ ውጪ አገር የወጣው በአብዛኛው። ማለትም ዛሬ የምታዩት ሁሉ የሚያልፈው በጥቂት ሰዎች እጅ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

ዋናው ፎርም (በቅደም ተከተል የሚሰራ የእንቅስቃሴ ስብስብ) ዡጂ ይባላል፣ መሠረት መጣል ማለት ነው፣ 66 እንቅስቃሴ አለው፣ 33 እና 33 ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። እኔ በዩቲዩብ ሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያውን 33 ጨረስኩ። ጨረስኩ ስላችሁ እጅና እግሬ የሚሄድበትን አወቅኩ ማለቴ ነው። ዶርም ኮሪደር ላይ ማታ ማታ በነጠላ ጫማ። ግራ ጉልበቴ ከውስጥ በኩል መውጋት ጀመረ፣ ከዛ ደረጃ መውረድ አቃተኝ፣ የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ቅባት ሰጥቶ ሸኘኝ። ሁለት ወር ተውኩት።

ሉ ሹን ፓርክ የሄድኩት ለኩንግ ፉ ብዬ አልነበረም፣ በሜትሮ መስመር 8 ሆንግኮው ስታዲየም ጋ ወርደህ ወዲያው ነው፣ የደራሲው የሉ ሹን መቃብር እዛው ፓርኩ ውስጥ አለ፣ አንድ የክፍሌ ልጅ እሱን ላሳይህ ብሎኝ ነው። ጠዋት ነው፣ በኛ ሰዓት አንድ ሰዓት ገደማ። ሽማግሌዎች ወፍ በጎጆ ይዘው፣ እዚህ ጋ መዘምራን፣ እዛ ጋ ባድሜንተን፣ አንዱ ጥግ ዛፍ ስር ስድስት ሰዎች ዝም ብለው ይንቀሳቀሳሉ፣ እና የመጀመሪያዋን እንቅስቃሴ ሳያት አወቅኳት። ቲንግ ቼ ዌን ሉ ትባላለች፣ ጋሪህን አቁመህ መንገድ ጠይቅ ማለት ነው። እኔ እቺን እንቅስቃሴ ኮሪደር ላይ ሺህ ጊዜ ሰርቻታለሁ፣ መንገድ የጠየቅኩት ሰው ግን አልነበረም።

ወዲያው ሄጄ አስተምሩኝ አላልኩም፣ ይሄን ጥሩ ሰራሁ ብዬ አስባለሁ። አራት ጠዋት ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁ። በአምስተኛው ቀን ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ስልሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት፣ መጥታ "ምንድነው የምታየው?" አለችኝ። አዪ ነው የምላት፣ እንደኛ እትዬ ማለት ነው። ይሄን እየተማርኩ ጉልበቴን አመመኝ አልኳት። ሳቀችና ወደሚያስተምራቸው ሰውዬ ዞራ በሻንጋይኛ የሆነ ነገር አለችው (ሻንጋይኛ እኔ ከተማርኩት ማንዳሪን ጋር አይገናኝም፣ እስከ መጨረሻው ግማሹን በሷ ትርጉም ነው የሰማሁት)። እሱም መጣ። ከሰባ ዓመት በላይ ነው፣ የፋብሪካ ጡረተኛ፣ ጥቁር የጨርቅ ጫማ፣ ፔርሙዙን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ። አሳየኝ አለ። ሰራሁለት። ከአምስተኛው እንቅስቃሴ በላይ አላስኬደኝም፣ ጎንበስ ብሎ ግራ ጉልበቴን በሁለት እጁ ያዘና አሁን ዙር አለኝ። መዞር አልቻልኩም። ከዛ አንድ እጁን ብሽሽቴ ላይ፣ አንዱን ወገቤ ላይ አደረገና እሱ አዞረኝ፣ ጉልበቴ ሳይነቃነቅ ዳሌዬ ዞረ። የሰራው ይሄን ብቻ ነው። አስር ሴኮንድ አይሞላም። ሦስት ወር ቪዲዮ ላይ ያፈጠጥኩበት ነገር ነው እኮ።

ከዛ በኋላ ሁለት ወር ፎርም የሚባል ነገር አላሳየኝም። መቆም። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ትንሽ ላላ፣ እጅ ትልቅ እንስራ እንዳቀፍክ (እንስራው የኔ ነው፣ እነሱ ዛፍ ወይ ኳስ ይላሉ)፣ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ በኋላ ሃያ። ከዛ መራመድ፣ አንድ እርምጃ ለመጨረስ አስር ሴኮንድ። የቴኳንዶ ልጅ ይሄን ሲሰራ ምን እንደሚሰማው አትጠይቁኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት እነዚህ ሰዎች እየቀለዱብኝ ነው ብዬ ሁለት ቀን ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን እንዳልወጋኝ ትዝ አለኝና ተመለስኩ።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። አንድ ጠዋት እንቅስቃሴውን እየሰራሁ እጄ ብቻ ሲሄድ አየና አስቆመኝ፣ መዳፌን ወስዶ የራሱ ጀርባ ላይ፣ ቀበቶው ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ አስቀመጠው። ከዛ ቀስ ብሎ ክንዱን አነሳ። መዳፌ ስር መጀመሪያ የሆነ ነገር ወደ ታች ሰመጠ፣ ከዛ ከግራ በኩል ተነሳ፣ በጀርባው አጥንት በኩል ወደ ላይ አለፈ፣ ትከሻው ጋ ሲደርስ ነው እጁ መንቀሳቀስ የጀመረው። ከውጪ ለሚያየው ሰውዬው እጁን አነሳ፣ አለቀ። ካሜራ የሚያየው ያንን ነው። እነሱ ውሃ የሚሉት ግን እጅ ላይ ያለውን ክብ ክብ አይደለም፣ መዳፌ ስር ያለፈውን ነው። እኔ ሦስት ወር ሙሉ የኮረጅኩት የውሃውን ጥላ ነበር።

ለዚህ ነው ስንት ሰው "ከየትኛው ቻናል ልማር" ሲለኝ መልስ የማጣው። ታይቺ ቢሆን መሳሳትህን የሚነግርህ ሰው በየፓርኩ አለ። ይሄ ግን ብርቅ ነገር ነው፣ ብርቅ በመሆኑ ስታበላሸው የሚያውቅብህ የለም፣ አንተም አታውቅም። ከላይ በጥቂት ሰው እጅ ነው ያለፈው ያልኩት እንዲሁ ለወግ አይደለም፣ እጅ ስል መዳፍ ማለቴ ነው፣ አንዱ የሌላው ጀርባ ላይ አስቀምጦ።

ስድስቱ ውህደቶች የሚባሉት እንዲህ ናቸው፦ አካል ከልብ፣ ልብ ከሐሳብ፣ ሐሳብ ከቺ (የውስጥ ኃይል የሚሉት)፣ ቺ ከመንፈስ፣ መንፈስ ከእንቅስቃሴ፣ እንቅስቃሴ ከባዶ። ስምንቱ ዘዴዎች ደግሞ ቺ፣ አጥንት፣ ቅርጽ፣ መከተል፣ ማንሳት፣ መመለስ፣ መግታትና መደበቅ። ሁሉንም ገብቶኛል ብል እዋሻለሁ። መከተልና መግታት ናቸው ትንሽ የገቡኝ። መግታት የሚለው ቃል ቻይንኛው ልጓም መሳብ ነው፣ ፈረስ የሚያውቅ ይገባዋል፣ ፈረሱ ሊሮጥ ሲል ሳብ ታደርገዋለህ እንጂ አታስቆመውም፣ ኃይሉ እዛው ይጠራቀማል። ፎርሙ ውስጥ ሄዶ ሄዶ ያዝ የሚያደርግበት ቦታ አለ፣ ቪዲዮ ላይ ሰውየው ለማሳመር የቆመ ይመስላል፣ ልጓሙ ነው። መከተልን ያወቅኩት ደግሞ ክንዱን ግፋኝ ሲለኝ ነው። ገፋሁት፣ ምንም የለም፣ የምገፋውን በር ሰው ከውስጥ እንደከፈተብኝ ሆንኩ፣ በአፍጢሜ ልደፋ ስል ሸሚዜን ያዘኝ። ምትሃት የለውም፣ ክብደቴን ሁሉ ቀድሜ ክንዱ ላይ ስለጣልኩለት ነው። ከቴኳንዶ የመጣ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው አለ።

የትከሻዬ ነገር ለብቻው ታሪክ ነው። በየቀኑ የሚለኝ ሁለት ቃል ነበር፣ ፋንግ ሶንግ፣ አላላ፣ እና ትከሻ። እኔ አላልቻለሁ እላለሁ፣ እሱ በጣቱ ይነካኛል፣ ድንጋይ። አንድ ቀን ለአዪ የእህቴን ሰርግ ቪዲዮ በስልኬ ሳሳያት እሱ ከጀርባ ቆሞ እያየ ነበር፣ እኔ እስክስታ እየመታሁ ነው። ወደ ስልኩ ጠቆመና "ይሄ ትከሻ ለምን ፓርክ አይመጣም?" አለ። ሁሉም ሳቁ። ማታ ዶርም ገብቼ መስታወት ፊት ለፊት ቆሜ ሙዚቃ ሳልከፍት ትከሻዬን መታሁት፣ ልክ ሲለቀቅ ያለውን ስሜት ያዝኩና እጄን አነሳሁ። ያን ጊዜ ነው ፋንግ ሶንግ ማለት መዝለፍለፍ እንዳልሆነ የገባኝ፣ እስክስታ የሚመታ ሰው ዝልፍልፍ አይደለምኮ። እስክስታ ሊዮሄባፋ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሉኝ። ግን የአበሻ ልጅ ከሆንክና ትከሻህ ካስቸገረህ ከዛ ጀምር።

አሁን ብዙ ሰው በውስጥ የሚጠይቀኝን ላንሳ። "ሃይማኖት አለበት ወይ?" እናቴ በስልክ ስነግራት የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይሄ ነበር፣ "ልጄ መንፈስ ምናምን ያለበት ነገር እንዳይሆን" አለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የራሴን ልናገር። በልምምዱ ውስጥ ጸሎት የለም፣ ማንንም አትጠራም። ቺ ቺ የሚሉትን እየጠየቅኩ ሳጨናንቀው ላውሺ (አስተማሪዬን እንደዛ ነው የምለው፣ መምህር ማለት ነው) "ቺን አትፈልግ፣ ትከሻህን ፈልግ" ብሎ ዘጋኝ፣ እኔም ትንፋሽና ትኩረት ብዬ ነው የያዝኩት፣ ከዛ በላይ የሚተርኩ አሉ፣ አልተከራከርኳቸውም አልተከተልኳቸውምም። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆሜያለሁ። ባይሺ የሚባል ስርዓት አለ፣ በይፋ የአስተማሪው ደቀ መዝሙር የምትሆንበት፣ በባህሉ የቀደሙ አስተማሪዎች ፎቶ ፊት ዕጣን ይጨሳል፣ ተንበርክከህ ግንባርህን ታስነካለህ፣ ሻይ ታቀርባለህ። በሁለተኛው ዓመት አዪ ጉዳዩን ስታነሳልኝ ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ሄጄ በተሰባበረ ቻይንኛ እኛ ጋ ስግደት ለማን እንደሆነ አስረዳሁት። አላዘነም፣ ቢያንስ አላሳየኝም። "ሻዩን አምጣ" አለ። በሁለት እጄ ሻይ ሰጠሁት፣ ጠጣው፣ እንዲህ ሆኖ አለፈ። ሌላ አስተማሪ ሌላ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቀኑ ደርሶ ሰው ተሰብስቦ ከምታፍሩ። ጾሙንም ቢሆን አዪ ናት የለመደችው፣ ከልምምድ በኋላ ባውዚ (ውስጡ ሥጋ ወይ አትክልት ያለበት በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ) ስታድል ለኔ ረቡዕና አርብ የአትክልቱን ለይታ ትይዛለች፣ የአሳማውን መስጠትማ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያቆመችው።

ገንዘብ አልጠየቀኝም። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ኪሎ ይርጋጨፌ ሰጠሁት፣ ቆልቼ ወቅጬ በጀበና አፍልቼ አንድ ስኒ አቀመስኩት፣ "መድኃኒት ነው?" አለ። እስከዛሬ እንደጠጣው አላውቅም።

ገንዘብ የበላኝ ሌላ ሰው ነው። ክረምት ላይ ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ የሁለት ቀን ሊዮሄባፋ ስልጠና ተብሎ 1,800 ዩዋን ከፈልኩ። የወር ኪስ ገንዘቤ 3,000 ነው፣ አስቡት። ሰውየው የሐር ልብስ፣ ግድግዳ ሙሉ ሰርተፍኬት፣ "ምስጢሩን ለናንተ ብቻ" ይላል፣ የሚያሳየው ግን ካምፓስ የተማርኩት ታይቺ ነው፣ ስሙን ቀያይሮት። ማን አስተማረዎት ብዬ ስጠይቀው "ተራራ ላይ ያገኘሁት መናኝ" አለኝ። ያን ጊዜ መውጣት ነበረብኝ፣ ግን ከፍያለሁኮ፣ ሁለቱንም ቀን ተቀመጥኩ። ከዛ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አስተማሪውን ማን አስተማረህ፣ እሱንስ ማን በሉት ነው፣ ይሄ ስታይል አጭር ሰንሰለት ነው ያለው፣ እውነተኛ ሰው ሁለት ሦስት ስም ሳያስብ ይጠራል፣ ወይ ወደ ዉ ዪሁዪ ወይ በሱ ተማሪዎች በኩል ያመጣዋል። እና ደግሞ ጀርባዎን ልንካ በሉት። እንቢ ካለ፣ ወይ እኔን መንካት ለላቁ ተማሪዎች ነው ካለ፣ ደህና ሁኑ ብላችሁ ውጡ።

ፍለጋ ላይ ስሙ ያሳስታችኋል። የሆንግ ኮንግ መስመር በካንቶንኛ ሉክ ሆፕ ባት ፋት ወይ ሎክ ሃፕ ባ ፋ ይላል፣ ያው ነው። ቶሮንቶ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ሞይ ሊን ሺን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 እዛ ባቋቋመው የታኦይስት ታይቺ ማኅበር ውስጥ ይሄንንም ያስተምራሉ፣ እሱ ሆንግ ኮንግ እያለ ከሊያንግ ዚፔንግ ነው የተማረው። የነሱ ለጤና ያደላ ነው። ሻንጋይ ያየሁትና የሆንግ ኮንጉ ፎርም ደግሞ አንድ አይደለም፣ እርምጃው ይለያያል፣ አንዳንዱ ላይ እጁም። የትኛው ነው ትክክል ብላችሁ ጊዜ አታባክኑ፣ አንዱን ያዙ፣ ሁለት አትደባልቁ። እኔ ደባልቄ ሰርቼ ላውሺ ወዲያው "ይሄን ከየት አመጣኸው" ብሎ ያዘኝ፣ እንደ ሌባ ነው ያፈርኩት።

ለመደባደብ ይረዳል ወይ የምትሉ ደግሞ፣ ሦስት ዓመት ሰርቼ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁን መንገድ ላይ አንዱ ቢመጣብኝ የሚያድነኝ ወይ የድሮው ቴኳንዶ ነው ወይ ሩጫ። ላውሺ ይችላል፣ ክንዱ ላይ ደርሼበት አውቃለሁ። እሱ ግን አርባ ዓመት ሰርቷል። ፈጥኖ መከላከል የሚፈልግ ቦክስ ይሂድ።

ሰኔ 2011 አዲስ አበባ ተመለስኩ። ያልጠበቅኩት ነገር ትንፋሹ ነው። ሻንጋይ ከባህር ጠለል ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል፣ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ተወልጄ ያደግኩበት አገር እኮ ነው ግን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ፎርሙን ሳልጨርስ ትንፋሽ አጠረኝ፣ እንቅስቃሴውን ከትንፋሽ ጋር ስላሰርኩት ሁሉ ነገር ተበላሸ። ግማሹን ብቻ፣ ቆም እያልኩ ሰራሁት፣ አልፎ ሄደ። ከቆላ ወደ ደጋ የምትሄዱ አትደንግጡ። ሌላው ቦታ ነው፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት እወርዳለሁ። ኮብልስቶን ላይ አትስሩ፣ እግር ሲዞር ድንጋዩ ይይዘዋል፣ ጣጣው እንደገና ጉልበት ላይ ነው፣ ለስላሳ ሲሚንቶና ሶሉ ስስ የሆነ ሸራ ጫማ ይሻላል። የመጀመሪያውን ሰሞን ጥበቃው ጠጋ ብሎ "ወንድሜ ሰላም ነው?" ይለኝ ነበር፣ አንዲት ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ለባለቤቴ "ልጁን ጸበል አልወሰድሽውም?" ብለዋታል። አሁን ለምደውኛል።

የማደርገው ይሄው ነው፦ አስር ደቂቃ መቆም፣ አምስት ደቂቃ ያችን የመጀመሪያዋን ጋሪ አቁም ብቻ ደጋግሞ፣ ከዛ ጊዜ ካለ ግማሹ ፎርም። ሙሉው በኔ ፍጥነት ሩብ ሰዓት ይወስዳል፣ ቅዳሜና እሁድ ነው የምሰራው። አስተማሪ ከሌላችሁና እስክታገኙ ምን እንስራ ካላችሁ መቆሙንና ቀስ ብሎ መራመዱን ስሩ፣ እሱ ከቪዲዮም ቢሆን አይጎዳችሁም፣ ፎርሙን ግን ተዉት። ልጁንም ያልኩት ይሄን ነው፣ ደስ አላለውም መሰለኝ፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ላውሺ ስልክ አይወድም። በየሦስት ወሩ ቪዲዮ ቀርጬ ለአዪ በዊቻት እልካለሁ፣ እሷ ፓርክ ወስዳ ታሳየዋለች፣ የሚለውን በድምጽ ትልክልኛለች፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፣ ትከሻ። ባለፈው ጥር የላክሁት ላይ እኔ ስሰራ ከኋላዬ የሁለተኛ ፎቁ ልጅ፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ቦርሳውን እንዳዘለ ሰርቪስ እየጠበቀ ይኮርጀኛል፣ ሲቀረጽ አላየሁትም። ሁለት ቀን ቆይቶ የአዪ ድምጽ መጣ፣ ከኋላ የሰዎች ሳቅ ይሰማል። "ላውሺ ምን አለ መሰለህ፣ ከኋላ ያለው ልጅ ይሻላል፣ ቦርሳውን እንዲያወርድ ብቻ ንገረው።"